ከሰዓት የማህበሩ ልጆች

በልጅነቴ የማውቀው ነገር ጥቂት ነበር፤ ያወቅኩትን ግን አጥብቄ ነበር የማውቀው። ካወቅኳቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው፦ ባለደወሉ ሙሉ ስሙን የጠራው ሰው ከዚያ በኋላ አይታይም።

ማንም አልነገረኝም። ራሴ አይቼ፣ ራሴ ሰምቼ የደረስኩበት ነው። ሰፈራችን ውስጥ የቀብር መረዳጃ ማህበር ነበር። ማህበሩ ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበሮች አሉት፣ ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያነሳው ትልቅ ድስት አለው፣ ባለደወልም አለው። ሰው የሞተ እንደሆነ ባለደወሉ በማለዳ ይነሳና በየመንገዱ ደወሉን እያንቃጨለ ይዞራል። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ የሟቹን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ይጠራል። ከዚያ ድንኳኑ ይተከላል። እኔ ታዲያ ነገሩን የያዝኩት ከጭራው ነው። ሰውየው ስለሞተ ተጠራ አላልኩም። ስለተጠራ ሄደ ነው ያልኩት። ወዴት እንደሄደ አትጠይቁኝ፤ እሱን ነው እኔም ሳስብ የማድረው።

ወንድሜን ሲጠራው ሰምቻለሁ። ቤት ውስጥ ሁላችንም ፌንጣ ነበር የምንለው፤ አንድ ቦታ ቁጭ ማለት አያውቅም፣ ከአጥር አጥር ሲዘል ነው የሚውለው። ያን ዕለት ማለዳ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ አክስቴ ቤት ነበርኩ። ደወሉን ስሰማ መስኮቱ ላይ ተንጠላጠልኩ። ባለደወሉ ረጅም ነው፤ ጥቁር ካፖርቱ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ይወርዳል። ከመስኮቱ ስር ቆመና ፌንጣን በትምህርት ቤት ስሙ ጠራው፣ ከነአባታችን ከነአያታችን። ከወደ ቤታችን የእማዬ ጩኸት ተሰማ። ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ መጣ። ፌንጣ ግን አልመጣም።

«የት ሄዶ ነው?» አልኳት አክስቴን።

«ተጠርቶ ነው የኔ ልጅ። ሰው ከተጠራ መሄዱ አይቀርም» አለችኝና ፊቷን በነጠላ ሸፈነች።

በቃ! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

ዛሬ የማውቀው ሌላ ነው። ወንድሜ ያረፈው ባለደወሉ ከመጥራቱ በፊት በነበረው ከሰዓት ነው። የት እንደሆነና እንዴት እንደሆነ ግን ትልልቆቹ ሁሉ ከኔ ሸሸጉ። ለኔው ብለው ነው፤ ልጅ አይስማ ብለው። ልጅ ያልሰማውን ነገር ራሱ ፈልስፎ እንደሚሞላው ማን ይንገራቸው?

በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤታችን ክፍል ስለማይበቃው የሚያስተምረው በፈረቃ ነበር። የጠዋቶቹ እኩለ ቀን ላይ እንወጣለን፣ የከሰዓቶቹ ይገባሉ። እናቶቻችን ደግሞ ከልብስ ስፌት ፋብሪካው የሚወጡት ጀንበር ልታዘቀዝቅ ስትል ነው። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር ቤት ከሚገኝበት የማይገኝበት ይበዛል። እናም የቤታችንን ቁልፍ በክር አንገታችን ላይ አንጠልጥለን እንደ ባለቤት አልባ ዶሮ ሰፈሩን ስናካልል እንውላለን። ያ ጊዜ የማንም አልነበረም። የኛ ነበር፤ እኔ እንኳ በጣም እወደው ነበር።

ፌንጣ ከሄደ በኋላ አንድ ቀን የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። እማዬ የምትተወኝ ሰው ስላልነበራት ይዛኝ ሄደች። ትልልቅ ሰዎች ሲሰበሰቡ እንዴት እንደሚሰለች የታወቀ ነው፤ አግዳሚው ስር ገብቼ ጫማ እቆጥር ጀመር። ሸራ ጫማ አለ፣ ተረከዙ የተበላ አለ፣ የፋብሪካ ክር የተጠመጠመበት የሴት ጫማ አለ። ድንገት ከፊት ለፊት አንድ ትልቅ ጥቁር ጫማ አየሁ፤ ከበላዩ የጥቁር ካፖርት ጫፍ ተንዘርፏል። ክው አልኩ።

ዳይሬክተሯ ጉሮሮዋን ጠራርጋ መናገር ጀመረች። «እንግዲህ ትምህርት ቤቱና ማህበሩ ተስማምተናል። ግቢው የኛ፣ ድንኳኑና ሰው የነሱ። ከእኩለ ቀን በኋላ ልጆቹ የማህበሩ ናቸው።»

ጆሮዬን አቆምኩ። የማህበሩ ናቸው?

«ኧረ በፈጠረሽ!» አለ አንድ ሰውዬ ከኋላ። «እነዚህ ሰዎች የሚያውቁት ማስለቀስና መቅበር አይደለም እንዴ?»

ሰው ሳቀ። ጥቁሩ ጫማ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ፤ ያን መንገድ ለመንገድ የሚዞር ድምፅ ከላይ ሰማሁት።

«ልክ ብለሃል ወንድሜ። እኛ ሁልጊዜ ዘግይተን ነው የምንደርሰው። አሁን ግን ቀድመን እንምጣ ብለናል። ልጆቹን ስጡን።»

ማንም አይሰጥም ብዬ ተስፋ አደረግኩ። የትኛዋ እናት ናት ልጇን የምትሰጠው? ያኔ ከአጠገቤ ያሉት ጫማዎች፣ ክር የተጠመጠመባቸው፣ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«የኔን ውሰዱልኝ» አለች እማዬ። «የመጀመሪያዋ እሷ ትሁን።»

ነፍሴ ከስጋዬ ተላቀቀች። እንዳልጮህ ጉልበቴን ነከስኩት።

ከብዙ ዓመት በኋላ ያችን ዳይሬክተር ጡረታ ወጥታ፣ ፀጉሯ ነጭ ሆኖ፣ ክሊኒክ ወረፋ ላይ አገኘኋት። ስለዚያ ስብሰባ ሳነሳባት ሳቀች። «ሐሳቡ የኔ እንዳይመስልሽ» አለችኝ። «የናትሽ ነው። ሐዘኗ እንኳ ሳይወጣላት ባለደወሉ ቤት ሄዳ፣ 'ልጄን ልትቀብሩ የመጣችሁት ያ ሁሉ ሰው፣ አንድ ቀን ቀድማችሁ ብትመጡልኝ ኖሮ' አለችው። በማግስቱ ሰውየው ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። እንቅልፍ የሚባል አልተኛም።»

እኔ ግን ያን ቀን ከአግዳሚው ስር ስወጣ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቴ ለባለደወሉ ሰጠችኝ።

በሳምንቱ ከትምህርት ክፍላችን ስንወጣ ድንኳኑ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ተተክሎ ጠበቀን። ያው የኛ ቤት በር ላይ የነበረው ድንኳን ነው፤ ጎኑ ላይ የተጣፈበትን ቡናማ እራፊ አውቀዋለሁ። ውስጡ ያው ሽታ አለው፣ የሸራና የእርጥብ ሣር። አግዳሚዎቹ ለትልልቅ ሰው የተሠሩ ስለሆኑ እግራችን አየር ላይ ይንጠለጠላል። ሌሎቹ ልጆች እየተገፋፉ ገቡ፤ እኔ በር ላይ ቀረሁ።

«ግቢ እንጂ፣ ምን ይገትርሻል?» አለችኝ አብራኝ የምትቀመጠው ልጅ። የፊት ጥርሶቿ ስለወለቁ ወላቃ ነው የምንላት።

«ይሄ እኮ የሞተ ሰው ድንኳን ነው።»

«የሞተ ሰው የታለ ታዲያ?»

«ገና ነዋ!» አልኳት።

ወላቃ አሰበችበት። ከዚያ እሷም ከኔ ጋር በር ላይ ቀረች።

የማህበሩ ሴቶች ምግብ ያበስላሉ። ባለድስቷ የምትባለው ወፍራም ሴትዮ፣ በለቅሶ ቤት የማውቀውን ያንኑ ትልቅ ድስት ጥዳ ሾርባ ታማስላለች። «ብሉ፣ ብሉ! ይሄ አጥንት ብቻ የሆነ ልጅ ምኔ ነው? ወዝ እስኪኖራችሁ ከዚህ ንቅንቅ የለም!» ትላለች። ልጆቹ ሁለቴ እየተቀበሉ ሲጠጡ አያለሁ። እኔ በግ ለምን እንደሚቀለብ ስለማውቅ አንድ ማንኪያ ብቻ እቀምሳለሁ። ሾርባው ሲጣፍጥ ደግሞ! ሆዴ እየጮኸ ነው የምመልሰው።

ከሁሉም የከፋው አናጺው ነበር። ድፍን ሰፈር የሚያውቀው ነው፤ የሬሳ ሣጥን የሚሠራው እሱ ነው። በቤቱ ግቢ በኩል ስናልፍ ሣጥኖቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው እናያለን። ይህ ሰው አንድ ቀን ከሰዓት ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ፣ መለኪያ ሜትሩን ይዞ መጣና አሰለፈን።

«ምንድነው የሚለኩን?» አለች ወላቃ።

«ሲያልቅ ታዪዋለሽ። እስከዚያ ምስጢር ነው» አለ እየሳቀ።

ተራዬ ደረሰ። ከጉልበቴ እስከ መሬት ለካ፤ ዞሮ ከጀርባዬ ወገቤን በስፋቱ ለካ። ሜትሩ ብረት ስለሆነ ቀዝቃዛ ነው።

«ይቺማ እንጨትም አትፈጅ!» አለና ባለደወሉን ጠራው። «አባባ፣ ይቺ ከተራረፈው ቁርጥራጭ ትወጣለች!»

ባለደወሉ መጥቶ ከላይ ወደ ታች አየኝ። አልሳቀም። «እሷን አሳምረህ ሥራላት» አለው ቀስ ብሎ። «የማን ልጅ እንደሆነች ታውቃለህ።»

ዛሬ ይህን ሳስታውሰው ሆዴ ይባባል። ያኔ ግን የገባኝ ሌላ ነው። የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃሉ ማለት፣ ወንድሜን እንደወሰዱት ያውቃሉ ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ ተከታይዋ ነኝ ማለት ነው።

ጀንበሯ ስታዘቀዝቅ እናቶች በር ላይ መጠራቀም ይጀምራሉ። ባለደወሉ በሩ አጠገብ ቆሞ የመጣችውን እናት ያይና ደወሉን አንዴ ነቅነቅ አድርጎ ልጇን በሙሉ ስሙ ይጠራል። የተጠራው ልጅ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ከበሩ ወጥቶ ይጠፋል። ይጠፋል ነው የምላችሁ! ለምን ከነአያቱ እንደሚጠራ ያን ቀን ክሊኒኩ ላይ ዳይሬክተሯን ጠይቄያት ነበር። «ሌላ አጠራር አያውቅበትም» አለችኝ። «ዕድሜ ልኩን የለመደው እንደዚያ ነው። እኛም ልብ አላልነውም።» የማህበሩ ሰዎች ሁሉ እንደዚያ ነበሩ። የሚያውቁትን ሥራ፣ በሚያውቁት ዕቃ፣ በሚያውቁት ወግ ይዘውልን መጡ። በልጅ ዓይን እንዴት እንደሚታይ ያሰበ አልነበረም።

መጀመሪያ የተጠራው ጆሮ ትልቁ ልጅ በማግስቱ አልመጣም። በሦስተኛው ቀንም የለም። ወላቃን ክንዷን ቆንጥጬ ባዶ ቦታውን አሳየኋት። ጆሮ ደግፍ ይዞት ቤቱ መተኛቱን የሰማሁት እሱ ፊቱ አብጦ ከተመለሰ በኋላ ነው፤ ያኔም ቢሆን አምልጦ የመጣ ነው ብዬ ነው ያመንኩት።

ስለዚህ መላ ዘየድኩ። ባለደወሉ አፉን ሳይከፍት እማዬን ቀድሜ ካየኋት አልጠራም። ከሰዓቱን ሙሉ ሰዎቹ ፊደል ሲያስነብቡን፣ ዘፈን ሲያስዘፍኑን፣ አንድ ጡረተኛ አስተማሪ ሒሳብ ሲያሠራን፣ ዓይኔ አጥሩ ላይ ነው። የእማዬን ሻርፕ ከሩቅ እንዳየሁ በባለደወሉ እጅ ስር ሾልኬ እበራለሁ። «ቀስ በይ ልጄ!» ይላል ከኋላዬ። እማዬ ደግሞ አቅፋኝ «እንዲህ ነው የናፈቅኩሽ?» እያለች ትስቃለች። ከፌንጣ በኋላ የምትስቀው ያኔ ብቻ ስለነበር ምንም አልነገርኳትም። ማታ ማታ ብርድ ልብሱን ነክሼ ነው የማለቅሰው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ያ ቀን ደረሰ።

ከእኩለ ቀን ብዙም አልራቀም፤ እናቶች ገና ፋብሪካ ናቸው። ድንኳኑ ውስጥ አንድ ጥግ ላይ በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ ክምር ተቀምጧል። እንዳንገባ ተብለን ውጭ ተሰልፈናል። አናጺው ክንዱ ላይ የእንጨት ብናኝ እንዳለበት ቆሞ በደስታ ይቁነጠነጣል። ባለድስቷ እንኳ ማማሰያዋን ይዛ ልታይ መጥታለች።

«ስማችሁ ሲጠራ ወደ ውስጥ ትገባላችሁ፤ የራሳችሁን ትቀበላላችሁ፤ በወዲያኛው በኩል ትወጣላችሁ» አለ አናጺው። «በልክ በልካችሁ ነው የሠራሁት!»

በልክ በልካችሁ። ወላቃን አየኋት። እሷም አየችኝ።

ደወሉ ተንቃጨለ። ጆሮ ትልቁ ተጠራና ገባ። አልወጣም። በወዲያኛው በኩል ያለው ነገር ከኛ አይታይም። ደወሉ ተንቃጨለ። አንዷ ልጅ ተጠርታ እየሳቀች ገባች፤ ሳቋ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ደወሉ ተንቃጨለ። ወላቃ ተጠራች። ወላቃዬ! እጄን ጨምድዳ ይዛ ነበር፤ ባለድስቷ ከኋላ ገፋ አድርጋ «ሂጂ እንጂ፣ ምን ያስፈራል?» ስትላት ለቀቀችኝ። ሸራው ከኋላዋ ተዘጋ።

ደወሉ ተንቃጨለ። ባለደወሉ ወደኔ ዞሮ ስሜን ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ጠራ። ልክ ያን ማለዳ ፌንጣን እንደጠራው።

እግሬ አውጪኝ አልኩ። ከኋላዬ «ያዟት!» ሲሉ ሰማሁ፤ ግን ማን ይይዘኛል? ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ አጥሩ ቆርቆሮ የተገነጠለበት ቦታ ነበር። ፌንጣ ነው ያሳየኝ። ሾልኬ ወጣሁና ቁልቁል ነካሁት።

ወዴት እንደምሄድ አውቅ ነበር። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ቁጥቋጦውን አልፎ፣ የተተወ የድንጋይ ካባ አለ። ድንጋይ ሲፈነቀልበት ኖሮ ጥልቅ ጉድጓድ ሆኗል፤ ዝናብ ደግሞ ሞልቶታል። ዳር ዳሩ ነጭ ጭቃ ነው፣ እንደ ሊጥ የሚያጣብቅ። ፌንጣ ከሰዓት ከሰዓት እዚያ ይሄድ ነበር። አንድ ቀን «እኔ የምደበቅበትን ማንም አያገኘውም፣ ለማንም እንዳትናገሪ» ብሎ ከሩቅ አሳይቶኝ ነበር። ከጠፋ ጀምሮ አስቤበታለሁ። ፌንጣ ጎበዝ ነው። ባለደወሉ ቢጠራውም ዝም ብሎ የሚወሰድ ልጅ አይደለም። ሸሽቶ ከሆነ ያለው እዚያ ነው።

እዚያው ነበር የሰጠመው። እናቶች ፋብሪካ በነበሩበት በዚያ የማንም ባልሆነው ሰዓት። ከሰፈሩ ሰው ይህን የማያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ዳር ላይ ደርሼ ቆምኩ። ውሃው አረንጓዴ ነው፣ ንቅንቅ አይልም። ነፋስ የለም፣ ወፍ የለም። እንደዚያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም።

«ፌንጣ!» አልኩ ቀስ ብዬ። ከዚያ ጮክ ብዬ፦ «ፌንጣ! እኔ ነኝ! እኔንም ጠሩኝ!»

ድንጋዩ ድምፄን መለሰልኝ። ከወዲያ ማዶ የሆነ ጥላ ያየሁ መሰለኝ። ላየው አንድ እርምጃ ወደፊት ስል መሬቱ ከስሬ ከዳኝ። ተንሸራትቼ እስከ ጉልበቴ ጭቃው ውስጥ ገባሁ። አንዱን እግሬን ስስብ ሌላው ይገባል። ውሃው ጫማዬን ነካው፤ ቀዝቃዛ ነው። ልጮህ ብዬ ትዝ አለኝ፤ ከጮህኩ ባለደወሉ ይሰማኛል። አፌን በእጄ ያዝኩ። በተንቀሳቀስኩ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ወደ ታች እወርዳለሁ። እንዲያም ሆኖ የምፈራው ውሃውን አልነበረም። ጆሮዬ የሚጠብቀው ደወሉን ነው።

ደወሉ አልመጣም። የመጣው ድምፅ ብቻውን ነው።

«ድንቢጥ!»

ድንቢጥ የቤት ስሜ ነው። እማዬ ናት እንደዚያ የምትለኝ፣ ፌንጣም። አባት የለበት፣ አያት የለበት።

«ድንቢጥ! የኔ ድንቢጥ! የት ነሽ?»

ስሜን በዚህ መልኩ የጠራ ሰው ሊወስደኝ አይደለም። እንዲህ የሚጠራው ለእራት ነው፣ ፀጉር ለመሠራት ነው፣ ለመተኛት ነው።

«አቤት!» አልኩ።

ዳይሬክተሯ ክሊኒኩ ወረፋ ላይ የነገረችኝ ይህን ነው። ስሸሽ ግቢው ተተራመሰ። እሷ «አባባ፣ ደወሉን ይደውሉ! ድፍን ሰፈር ይውጣና ይፈልጋት!» ብላ ጮኸችበት። እሱ ግን ደወሉን ባለድስቷ እጅ ላይ አስቀመጠው። «እናቷ ትሰማለች» አላት። «ፋብሪካው ቅርብ ነው። ይህን ደወልና የልጅን ስም አንዴ አብሬ አሰማኋት። ሁለተኛ አላሰማትም።» ወላቃን ከድንኳኑ ማዶ አስጠርቶ ቤት ምን እያሉ እንደሚጠሩኝ ጠየቃት። ከዚያ ያ ሽማግሌ ሰው ካፖርቱን ሰብስቦ ሮጠ። ወዴት እንደሚሮጥ እሱም ያውቅ ነበር።

ከቁጥቋጦው ሲወጣ አየሁት። እጁ ባዶ ነው። ሲያየኝ በአንዴ ቆመ፤ ፊቱ እንደ ጭቃው ነጣ።

«እንዳትነቃነቂ» አለኝ በሹክሹክታ። «ድንቢጥ፣ የኔ እመቤት፣ ምንም እንዳትነቃነቂ። እያየሽኝ ቆይ።»

በሆዱ ተኛ። ካፖርቱን አውልቆ ጭቃው ላይ ዘረጋና በላዩ እየተሳበ መጣ። ሲተነፍስ እንደሚያቃስት ነው። ክንዴን ሲይዘኝ አጥንቴ የተሰበረ መሰለኝ። አንዱ ጫማዬ እዚያው ቀረ። ሳር ላይ እስኪደርስ ጎትቶኝ ወጣና ተቀመጠ፤ እኔን ጭኑ ላይ አድርጎ አልለቀቀኝም። ጥርሱ እርስ በርሱ ይንቀጫቀጫል። የተቆጣኝ መሰለኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው እጅግ የፈራው እሱ እንደነበር የገባኝ ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው።

«አባባ» አልኩት፣ «ደወልዎትስ?»

«ትቼው መጣሁ።»

«ስሜን ጠሩኝ እኮ።»

«ለበርጩማሽ ነው ልጄ። አናጺው በርጩማ ሠርቶላችሁ ነው፤ እግራችሁ መሬት እንዲነካ ብሎ። ወላቃ የራሷ ላይ ተቀምጣ እየጠበቀችሽ ነው።»

ቀና ብዬ አየሁት። ፂሙ ላይ ጭቃ አለ። ደፈርኩና ያን ሁሉ ጊዜ የያዝኩትን አወጣሁት።

«ወንድሜን የት ወሰዱት?»

ውሃውን አያየውም፤ ጀርባውን ሰጥቶት ነው የተቀመጠው።

«እኔ አልወሰድኩትም» አለ። «እዚህ ድረስ መጥቼ ነበር። ዘገየሁ።»

ከዚያ ሽማግሌው አለቀሰ። ትልቅ ሰው እንደዚያ፣ አፉን ከፍቶ፣ ድምፅ ሳያወጣ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ምን እንደማደርግ ስላላወቅኩ ፂሙ ላይ ያለውን ጭቃ በእጄ ጠረግኩለት።

ጀንበሯ ስታዘቀዝቅ በሩ ጋ ነበርን። ባለድስቷ እግሬን አጥባኝ ነበር፤ ነጩ ጭቃ ግን ከቀሚሴ ጫፍ አልለቀቀም። እማዬ ስትመጣ ወደሷ አልሮጥኩም፤ ባለደወሉን እጁን ይዤ ቆሜ ነበር። አንድ እግሬ ባዶ ነው። እማዬ መጀመሪያ ፊቴን አየች፣ ቀጥላ እግሬን፣ ቀጥላ የቀሚሴን ጫፍ። ጎንበስ ብላ ጫፉን በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ባለደወሉ። «ግቢ ውስጥ ውሃ ደፋሁባት። ጫማዋንም… ነገ እገዛላታለሁ።»

እማዬ ቀና ብላ አየችው። እሱ ዓይኑን አሸሸ። ያ ጭቃ በዚያ አገር አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው። እናቴ ከአንድ ልጅ ቁምጣ ላይ በእጇ አጥባዋለች።

«እሺ አባባ» አለች። «እግዜር ይስጥልኝ።»

ተቀመጠችና ጀርባዋን ሰጠችኝ። በዚያ ዕድሜዬ መታዘል ነውር ነበር፣ ወላቃም ታየኛለች፤ ግን ታዘልኩ። በሻርፗ ጥፍር አድርጋ አሰረችኝ። መንገዱን ሙሉ ጀርባዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በርዷት ነው ብዬ በሁለት እጄ አንገቷን አቀፍኳት። ፍርሃቴ ስለወጣልኝ አፌ ተፈትቶ ነበር። ስለ በርጩማው ነገርኳት፣ አናጺው እንጨትም አትፈጅ እንዳለኝ ነገርኳት። እሷ «እህ፣ እህ» ብቻ ትላለች። ቤታችን ሊደርስ ሲል ሲከነክነኝ የቆየውን አነሳሁ። እሷም የምትፈልገው መስሎኝ ነው፤ እንዳትደክም ብዬ።

«እማዬ» አልኳት ጆሮዋ ላይ፣ «ፌንጣ እዚያ የለም። ፈልጌዋለሁ።»

ቆመች። ከመንገዱ መሃል ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ከኋላ የሚመጡት ሴቶች በግራና በቀኝ እያለፉን ሄዱ። የከበድኳት መስሎኝ «ልውረድ?» አልኳት።

«አትወርጂም» አለችኝ። እጇን ወደኋላ ልካ ባዶውን እግሬን በመዳፏ ጨብጣ ያዘች፣ እስኪያመኝ ድረስ። «አውቃለሁ ልጄ። እንደሌለ አውቃለሁ።»

እንደያዘችኝ ቤት ገባን።